የእናቴ የብብት ዕጢ በማሞግራም ሳይታይ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ቀጥሎ ምን እናድርግ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የ58 ዓመት እናቴ በግራ ጡታቸው ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እብጠት ተገኝቶባቸው ካንሰር መሆኑ በናሙና ተረጋግጧል። የማሞግራሙ (የጡት ራጁ) ውጤት ስለ ብብት የሚለው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ የተነሡት አልትራሳውንድ ግን በግራ ብብታቸው «የውጭ ሽፋኑ 5 ሚሊ ሜትር የወፈረ፣ መሀሉ ላይ ያለው ስብ የጠፋ አንድ አጠራጣሪ የሊምፍ ዕጢ (ንፍፊት)» እንዳለ ይገልጻል። ሐኪማቸው ከዕጢው በመርፌ ናሙና እንዲወሰድ አዝዘዋል። ዘመዶቻችን ግን በሁለት ተከፍለዋል፤ ገሚሶቹ «ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል» ብለው መርፌውን ሲቃወሙ፣ የቀሩት ገንዘብ አዋጥተን ውጭ አገር ወስደን ፔት ስካን እናስነሣቸው ይላሉ። ሴት ልጃቸው እኔ ብቻ ስለሆንሁ ውሳኔው በእኔ ላይ ወድቋል። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የራዲዮሎጂ ባለሙያ

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎ። ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም። ማሞግራም ሲነሣ ጡቱ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ስለሚጫን ከብብት የሚታየው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ከፍ ብሎ ያለ ዕጢ ከፎቶው ውጭ ይቀራል። ለብብት አስቀድሞ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው።

ጤነኛ የሊምፍ ዕጢ በአልትራሳውንድ ሲታይ የአደንጓሬ ፍሬ ይመስላል፤ ዙሪያው ቀጭን ጥቁር ሽፋን ሲሆን፣ መሀሉ የደም ሥር የሚገባበት ነጣ ያለ ስብ ነው። ከጡት በሊምፍ ፈሳሽ ተጉዘው የሚመጡ የካንሰር ሴሎች በመጀመሪያ የሚያርፉት በዚያ ሽፋን ላይ ስለሆነ፣ ቀድሞ የሚወፍረው እሱ ነው፤ ከዚያም ስቡ እየተገፋ ይጠፋል፣ ዕጢውም ይከብባል። ብዙዎቻችን ሽፋኑ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ እንጠራጠራለን፤ የእናትዎ 5 በመሆኑ ሐኪሙ ናሙና ማዘዛቸው ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ በአገራችን የንፍፊት ቲቢ ብዙ ነው። የእጅ ቁስልም ሆነ በዚያው ክንድ በቅርቡ የተወሰደ ክትባት ዕጢን ሊያሳብጥ ይችላል። ፎቶ ጥርጣሬን ያሳያል እንጂ የበሽታውን ስም አይነግርም፤ ስሙን የሚነግረን ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ናሙና ነው።

መልስ፦ የቀዶ ሕክምና ሐኪም

ስለ ብረቱ የሚባለውን ከታማሚዎቼ ቤተሰቦች ዘወትር እሰማዋለሁ፤ በዚህ ፍርሃት ሕክምናቸውን አዘግይተው ቁስሉ ከፈነዳ በኋላ የሚመጡ እናቶችን ማየት እጅግ ያሳዝነኛል። ከብብት ዕጢ በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አያባብስም። ያለ እሱ ግን የሕክምናውን ቅደም ተከተል በትክክል መወሰን አንችልም፤ ዕጢው ካንሰር እንዳለበት ከተረጋገጠ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) መስጠት ሊመረጥ ይችላል፣ ካልተረጋገጠ ደግሞ የብብቱን ዕጢዎች ሁሉ ጠርጎ ማውጣት ሳያስፈልግ ይቀርና እናትዎ ከዕድሜ ልክ የክንድ እብጠት ሊድኑ ይችላሉ። ኬሞ የሚቀድም ከሆነ፣ ናሙና በተወሰደበት ዕጢ ላይ ምልክት ይደረግበት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከኬሞ በኋላ ዕጢው ተመልሶ ጤነኛ ሊመስልና ሊጠፋን ይችላልና።

ፔት ስካን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። በደም ሥር የተሰጠው ጨረር አመንጪ ስኳር የተከማቸበትን ቦታ ያሳያል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ የካንሰር ክምችት ያመልጠዋል፣ ቲቢ ደግሞ እንደ ካንሰር ይበራለታል። የሚጠቅመው በሽታው ወደ ሩቅ አካል ሄዷል ተብሎ ሲጠረጠር ነው። የተዋጣውን ገንዘብ ለሕክምናው አቆዩት።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

የአክስቴ ብብት በአልትራሳውንድም በኤምአርአይም ንጹሕ ነበር። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ግን ሰማያዊ ቀለምና ቴክኒሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ጡቷ ላይ ተወግቶ፣ ፈሳሹ መጀመሪያ የደረሰበት ዕጢ ተለይቶ ሲመረመር ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ክምችት ተገኘበት። ስለዚህ ፎቶ ንጹሕ ነው ሲባል ብቻ ፋይሉን አትዝጉ።

መልስ፦ የራዲዮሎጂ ባለሙያ

እውነት ነው፤ ሆኖም ያ ትንሽ ክምችት ሁልጊዜ የታማሚዋን ዕጣ ይለውጣል ማለት አይደለም። ከሚላን የተመራውና በ2023 የታተመው ሳውንድ የተባለ ጥናት፣ እብጠታቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና ብብታቸው በአልትራሳውንድ ንጹሕ የሆነ 1,405 ሴቶችን አነጻጽሮ፣ ፈሳሹ መጀመሪያ የሚደርስበት የብብት ዕጢ ባይወጣም ከ5 ዓመት በኋላ ወደ ሩቅ አካል በመሰራጨት ረገድ ልዩነት እንዳልታየ አሳይቷል። የእናትዎ እብጠት ከዚያ ስለሚበልጥና ዕጢውም አጠራጣሪ ስለሆነ ይህ ውጤት እሳቸውን አይመለከትም።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መርፌውን እናስወስዳለን። ውጤቱ ካንሰር የለም ቢል አበቃ ማለት ነው?

መልስ፦ የራዲዮሎጂ ባለሙያ

አላበቃም። ቀጭን መርፌ ካንሰር የሌለበትን ጎን ወስዶ ሊሆን ይችላል። ፎቶው ይህን ያህል አጠራጣሪ ሆኖ መርፌው ነጻ ካለ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ከወፈረው ሽፋን በወፍራም መርፌ እንዲደገም ይጠይቁ፤ ያም ነጻ ቢሆን በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ፈሳሹ መጀመሪያ የሚደርስበት ዕጢ ይመረመራል። ወደ ምርመራው ሲሄዱ የአልትራሳውንዱን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ፎቶውንም ይያዙ፤ መርፌውን የሚወጋው ባለሙያ ያንኑ ዕጢ እንዲያገኘው ይረዳዋል።