ቼዝ ላይ በ10 ሙቭ ማት ሆንኩ፣ ይሄን ኦፕኒንግ (የጌም አጀማመር) እንዴት ነው የምመልሰው?

ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ቶርናመንት ላይ ጥቁር ይዤ በ10 ሙቭ ተበላሁ፣ ልጁ 12 ዓመት ቢሞላው ነው፣ እኔ ሳስብ እሱ ተነስቶ የሰው ጌም እያየ ይዞራል። ሙቮቹ እነዚህ ናቸው (ፊደልና ቁጥሩ የቦርዱ ካሬ ነው፣ ነጭ ይቀድማል)፦ ፓውን ኢ4 ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3 ፈረስ ሲ6፣ ቢሾፕ ሲ4 ፈረስ ኤፍ6፣ ከዛ ፈረሱን ጂ5 አውጥቶ ኤፍ7ን አነጣጠረብኝ። ዲ5 ብዬ ዘጋሁ፣ በፓውን በላ፣ በፈረስ መልሼ በላሁ፣ ተረፍኩ ስል ፈረሱን ኤፍ7 ላይ ሰዋው! በንጉስ በላሁት፣ ኩዊን ኤፍ3 ቼክ፣ ንጉሴን ጂ8 መለስኩ፣ ከዛ ዲ5 ላይ ተበላልተን ቼክ ሲለኝ በቢሾፕ ኢ6 ከለልኩ፣ እሱንም በላና ማት። ቅዳሜ ሌላ ውድድር አለብኝ፣ የቱ ጋ ነው የተበላሸው?

የአራት ኪሎው፦ አይዞህ፣ ፍራይድ ሊቨር ይባላል፣ ጥብስ ጉበት በለው፣ ከ400 ዓመት በፊት ጀምሮ ጣልያኖቹ ሰው ሲጠብሱበት ነው የኖሩት 😄 ጂ8 ነው የጨረሰህ፣ ንጉስህን ኢ6 አውጥተህ ዲ5 ያለውን ፈረስ መጠበቅ ነበረብህ። ግን እሱም ፈረስ ሲ3 ሲልህ ንጉስህን መሃል ቦርድ ላይ ይዘህ መንከራተት ነው፣ ሰዓትህም ያልቃል። በፓውን ሲበላ በፈረስ አትብላ! ሲ6 ያለውን ፈረስ ኤ5 አድርገህ ቢሾፑን ንካው። ቢ5 ላይ ቼክ ይልሃል፣ በፓውን ሲ6 ዝጋ፣ ሲበላ በቢ ፓውን ብላ። አንድ ፓውን ከስረሃል ግን ቢሾፑ ይሸሻል፣ ኤች6 ስትል ፈረሱም ይሸሻል፣ ኢ4 እያልክ ትነዳዋለህ።

ጥቁር ፈረስ፦ እኔማ ዲ5 እንኳን አልልም፣ ቢሾፕ ሲ5! ትራክስለር የሚባለው መልሶ ማጥቃት ነው፣ ኤፍ7ን በፈረስ ይብላ፣ አንተ ኤፍ2 ላይ ቢሾፕህን በቼክ ትሰዋለህ

የአራት ኪሎው፦ ለቅዳሜ?? በፈረስ ትቶ በቢሾፕ ኤፍ7 ቼክ ካለውስ፣ መስዋዕቱም ቀረ ንጉሱም ሜዳ ወጣ

ጋሽ ሰንጠረዥ፦ ልጆች አታካብዱ። ሶስተኛው ሙቭ ላይ ፈረሱን ትተህ ቢሾፕህን ሲ5 አውጣ። ፈረሱን ጂ5 ካመጣው ኩዊንህ ከዲ8 በነፃ ትለቅመዋለች። በኛ ሰንጠረዥ፣ በድሮው የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ወረራ በሚባለው መጀመሪያው ላይ አንድ መብል እስኪሆን ተራ የሚባል አልነበረም፣ ሁለቱም እንዳሻቸው ይደረድሩ ነበር፣ እዚህ ግን የአንዷን ሙቭ ቅደም ተከተል ከሳትክ አለቀልህ።

ጠያቂው፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለቅዳሜ ያንተን ቢሾፕ ሲ5 ይዣለሁ፣ ፈረስ ኤ5ን ቀስ ብዬ አጠናዋለሁ። ልጁ ግን ስንጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "እንድገም?"