ሽማግሌዎች ፊት ድምፄ ይጠፋል፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። መንዝ ውስጥ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። አንድ ገበሬ ማሳው ላይ ሳገኝ ስለ ገብስ ዝርያም ሆነ ስለ በግ ክትባት እንደ ልቤ አወራለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ «በል ተናገር» ስባል ግን ጉሮሮዬ ይደርቃል፣ ያሰብኩትን ግማሹን ውጬ እቀመጣለሁ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ይነሣና ያንኑ ሲናገር ሁሉም «ልክ ነው!» ይላል።

ዩቲዩብ ላይ የማያቸው አሠልጣኞች «የአድማጭህን ዐይን ትኩር ብለህ እይ» ይላሉ። እኛ ጋ ደግሞ የአባት እኩያን ዐይን ዐይኑን እያዩ መናገር ድፍረት ነው፤ ያደግሁት መሬት መሬት እያየሁ ነው። ታዲያ ዐይኔን የት ላድርገው? ትንፋሼን ቀስ ብዬ፣ አወጣጡን ረዘም አድርጌ ስተነፍስ የልቤ ምት ይበርድልኛል፤ ድምፄ ግን ያው ነው። ከወረቀት ማንበብንም ሞክሬ ነፋሱ አላስቻለኝም (በጓሳ፣ በእኛው በመንዝ ደጋ በኩል ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ)።

በተለይ ገጠር ስብሰባ ላይ የምትናገሩ መምህራን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የእድር ዳኞች፦ የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በምን ትከፍታላችሁ? በቀልድ? በምርቃት? የበግ ክትባት ዘመቻው እየደረሰ ስለሆነ ቶሎ ብትመልሱልኝ።