5 ዓመት የቆየውን አሰልጣኝ አሁን እናሰናብት ወይስ እስከ ሰኔ እንታገስ?

ቦርከና፦
ሰላም ወሎዎች። የደሴው እግር ኳስ ክለባችን ከፍተኛ ሊግ (ከፕሪሚየር ሊጉ አንድ ደረጃ በታች) ላይ ነው፤ ዋና አሰልጣኙ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። የመጀመሪያው ዙር ሊያልቅ 2 ጨዋታ ቀርቷል። ካለፉት 9 ጨዋታዎች ያሸነፍነው 1 ብቻ ነው፤ ወራጅ ቀጠናው አፋፍ ላይ ነን። ቦርዱ ሊሰበሰብ ነው፤ ደጋፊ ማኅበሩም ሐሳቡን ተጠይቋል። ግማሹ "ይሂድልን" ይላል፣ ግማሹ ውለታውን ይቆጥራል። ምን ምን አይተን እንወስን?

ጦሳ ሥር፦
ውጤቱን ለጊዜው ተዉትና ጨዋታውን ቁጠሩ። የ9ኙን ቪዲዮ ይዛችሁ ከሳጥን ውስጥ ስንት ሞከርን፣ ስንት ተሞከረብን? ከገባብን ጎል ስንቱ ከማዕዘንና ከቅጣት ምት፣ ስንቱ ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ? ሙከራው እኩል ሆኖ የተሸነፍን ከሆነ አጥቂው እየሳተ ነው፤ ይሄ ደግሞ ማንም ሳይቀየር ወደ ልኩ ይመለሳል። አዲስ አሰልጣኝ መጥቶ 3 ሲያሸንፍ "ተአምር" የምንለው ብዙ ጊዜ ይሄንኑ ወደ ልክ መመለስ ነው። አሰልጣኝ የሚባረረው ቡድኑ ከልኩ በታች ሲወርድ ነዋ!

ጎሉ ግን ሁሌ በሁለተኛው ቋሚ በኩል፣ ከማዕዘን ምት የሚገባ ከሆነ ጥፋቱ የልምምድ ነው፤ ተጠያቂውም አሰልጣኙ። ማን ቦታ ይጠብቃል፣ ማን ሰው ይይዛል የሚለው ተለይቶ በሳምንት 2 ቀን 20 ደቂቃ ቢሠራበት በ3 ሳምንት ለውጥ ይታያል። ካልታየ መልሱን አገኛችሁ። ከ70ኛው ደቂቃ በኋላ የሚፈርስ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱን አስቡ። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በደሴ ብርድ የከረመ ቡድን ቆላ ወርዶ በቀትር ሲጫወት ይዝላል። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ቅርብ ናት፤ ወርዶ በቀትር መሥራት ከአሰልጣኝ ለውጥ ይረክሳል።

ሆጤ በር፦
ቁጥሩ ጥሩ፣ ግን መልበሻ ክፍሉ ከተሰነጠቀ ቪዲዮ አያሳይህም። ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች እጁን ሳይሰጥ ያልፋል? ነባሮቹ ከምክትሉ ጋር ብቻ ያወራሉ? ልምምድ ላይ ሰዓት ማርፈድ ተለምዷል? እንዲህ ከሆነ ጨርሷል። የእንግሊዙ ሌስተር እ.ኤ.አ. በ2016 የሊግ ዋንጫ ያነሳለትን አሰልጣኝ ራኒየሪን በ2017 አሰናበተ፤ ቀጣዮቹን 5 የሊግ ጨዋታዎች በምክትሉ እየተመራ አሸነፈ፣ 12ኛም ሆኖ ጨረሰ። ውለታ ነጥብ አያመጣም።

ጦሳ ሥር፦
@ሆጤ በር፣ ማንቸስተር ዩናይትድስ? አሰልጣኝ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1986 መጥቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያገኘው በ1990 ነው። እሱ ሲወጣ የተተካው ሞይስ ዓመት አልሞላም። ከእኛው አገር አሰልጣኝ ገብረመድኅን ኃይሌ በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርን፣ በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አድርጓል። ጥሩ አሰልጣኝ ለውጥ ያመጣል፤ ግን የራሱን ቡድን የሚሠራው ክረምት ላይ ነው።

መዝገብ ያዥ፦
እባካችሁ ውሉን አንብቡ። እስከ ሰኔ 30 ከሆነና በየካቲት መጨረሻ ብታሰናብቱት የ4 ወር ደመወዝ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አዲሱ ደግሞ የራሱን ደመወዝ፣ ምናልባትም የራሱን ምክትልና የበረኛ አሰልጣኝ ይዞ ይመጣል። በጀቱ ከከተማ አስተዳደር ከሆነ ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሯል፤ ተጨማሪ ገንዘብ ምክር ቤት ሳያጸድቅ አይወጣም። የሚመጣው ሰው የካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) የአሰልጣኝነት ላይሰንሱ ለሊጉ የሚበቃ መሆኑንም ከፌዴሬሽኑ አረጋግጡ። ቀጥሎ ጊዜው። ለውጥ ካለ በ2ቱ ዙር መካከል ባለው ዕረፍት ይሁን፤ በዝውውር መስኮቱ 2 ወይም 3 ተጫዋች ማምጣት የማይችል አዲስ አሰልጣኝ በተቆለፈ ቤት የገባ እንግዳ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የተጫዋቾቹ ደመወዝ ተከፍሏል?

ቦርከና፦
የ3 ወር አልተከፈለም።

መዝገብ ያዥ፦
ኧረ ይሄንን ነበር ከላይ የምትጽፈው! በፊፋ ደንብ የ2 ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ ቢያንስ 15 ቀን ከጠበቀ በኋላ ውሉን ማፍረስ ይችላል። አሰልጣኙን ቀይራችሁ በዕረፍቱ አጥቂያችሁን በነጻ ልትሸኙ ነው።

ሆጤ በር፦
እሺ፣ እዚህ ላይ እጄን ሰጠሁ። ቦርዱ መጀመሪያ የደመወዙን ቀን በጽሑፍ ያሳውቅ። ከተከፈለ በኋላ ባሉት 2 ጨዋታዎች የተጫዋቾቹ ሩጫ ካልተለወጠ ግን ሐሳቤ ያው ነው።