የጌም ዲዛይን ኮርስ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፦ ረቂቁን አብረን እናብስለው

አስተባባሪ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለዩኒቨርሲቲው የምናቀርበው ሐሳብ እስካሁን አንድ ገጽ ነው። የጌም ዲዛይንና ዴቨሎፕመንት ኮርስ፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ በምርጫ የሚወሰድ። "አዲስ ዲፓርትመንት እንጠይቅ" ያላችሁም አላችሁ። እኔ በአንድ ኮርስ እንጀምር ባይ ነኝ። አዲስ ፕሮግራም ሴኔት እስኪደርስ መንገዱ ረጅም ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ለኮድ ይዣለሁ። እስቲ ያላችሁን ወርውሩ።

መምህር (ኮምቦልቻ)፦
በኮርሱ እስማማለሁ፣ በአራቱ ሳምንታት ግን አልስማማም። ኮዱን ልጆቻችን አያጡትም። የሚቸግራቸው የጨዋታ ሕግ ማውጣት ነው። ባለፈው ሴሚስተር ፈቃደኛ ተማሪዎችን ሰብስቤ ኮምፒውተር ሳንከፍት ጀመርን። የእንቁላል ካርቶን ቆርጠን በሁለት ረድፍ አሥራ ሁለት ጉድጓድ አወጣን። በየጉድጓዱ አራት አራት ሽምብራ፣ በድምሩ 48። ገበጣ ተጫወቱ። ከዚያ "አንድ ሕግ ብቻ ለውጡ" አልኳቸው። አንዱ ቡድን ሦስት ሦስት ሽምብራ አድርጎ ጀመረ፤ ጨዋታው ሳይሞቅ አለቀ። ሌላው ቡድን "ባዶ ጉድጓድ ላይ የጨረሰም ተራው አይለፈው፣ እንደገና ይጫወት" አለ። አንዱ ሲያዞር ሲያዞር፣ ተጋጣሚው ቁጭ ብሎ ስልኩን አወጣ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት ያ ስልክ ነው። ስለ ጌም ዲዛይን የጻፉት ሁኒክ፣ ለብላንክና ዙቤክ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጽሑፍ ያሉትም ይህንኑ ነው። ሠሪው ሕጉን ያወጣል፣ ከሕጉ የጨዋታው አካሄድ ይወለዳል፣ ከአካሄዱ የተጫዋቹ ስሜት። ስሜቱን በቀጥታ ኮድ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ለወረቀትና ለሽምብራ ይሰጠኝ።

የሂሳብ መምህርት (ደሴ)፦
እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ሙሉ አልሆነም። ልጄን ከፕሌይስቴሽን ቤት ስጎትት ነው የኖርኩት። ወላጅም "ዩኒቨርሲቲ የላክሁት ጌም እንዲማር ነው ወይ?" ማለቱ አይቀርም። ገበጣው ግን ደስ ብሎኛል፤ አባቴ መቁጠር ያስተማሩኝ በእሱ ነው። ለወላጅ የሚገባ አንድ አንቀጽ ይጻፍ። መጫወትና መሥራት እንደሚለያዩ፣ መሥራቱ ሂሳብም ሥዕልም ጽሑፍም እንደሚጠይቅ ይነገር። አዲስ አበባ ያሉት ጌም ሠሪዎቹ ቅኔ ጌምስ "ኩኩሉ" የተባለውን የሞባይል ጌም እንደሠሩም ይጠቀስ።

ተማሪ (አራተኛ ዓመት)፦
ቲቸር፣ አብሽሪ፣ አንቀጹን እኔ እሞክረዋለሁ። ጌሙን የምንሠራበት ሶፍትዌር ጎዶት ይሁን። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ኢንስቶል ሳይደረግ በፍላሽ ይዞራል። ለኮምፒውተር ላባችን ማሽኖች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሌላው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ዩኒቲ እ.ኤ.አ. በ2023 ጌም በተጫነ ቁጥር ክፍያ ሊያስከፍል ነው ተብሎ ስንቱ ሠሪ ደንግጦ ነበር። በ2024 ቢሰረዝም፣ እንዲህ ባለ ነገር ላይ ኮርስ መመሥረት ያሳስበኛል።

ደግሞ ፊደላችን አይረሳ። የመጀመሪያ ጌሜን ስከፍት "ጀምር" የሚለው ቁልፍ ላይ ሦስት ባዶ ሣጥን ወጣ። ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ስጨምር ተስተካከለ፣ ግን ይህን እስካገኝ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ሰው ቢነግረኝ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። የፋይል ለውጥን እየመዘገበ የሚያስቀምጠው ጊትም ኮምፒውተር ከተከፈተበት ከመጀመሪያው ሳምንት ይሰጥ። መብራት ሲሄድ ፋይሌ ተበላሽቶ የሦስት ቀን ልፋት ገደል ገብቶብኛል።

ክራር ተጫዋች (ደሴ)፦
ድምፁስ? አምባሰልና ባቲ የቅኝት ስም ብቻ አይደሉም፣ አገራችን ናቸው። ተጫዋቹ ሲያሸንፍ በየትኛው ቅኝት፣ ሲሸነፍ በየትኛው? ሁለት ክፍለ ጊዜ ስጡኝ፣ ክራሬን ይዤ እመጣለሁ።

አስተባባሪ (ደሴ)፦
ተቀብያለሁ። ሦስት ሳምንት ያለ ኮምፒውተር፣ ከዚያ ጎዶት፣ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለድምፅ። ኮርሱ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም ክፍት ይሁን። ምዘናው ነው የቀረኝ።

መምህር (ኮምቦልቻ)፦
ከውጤቱ ግማሹ ለሙከራ ጨዋታ ይሁን። ጌሙን አይቶ የማያውቅ ሰው ይቀመጥና ይጫወት። ሠሪው አጠገቡ ቆሞ ዝም ይበል። "እዚህ ጋ ተጫን" ማለት ክልክል ነው። ተጫዋቹ የት እንደተደናገረ፣ የት ፈገግ እንዳለ ብቻ ይጻፍ። ነጥቡ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተካከለ ታይቶ ነው። ተጫዋቾቹ ግን የክፍል ጓደኞቹ ባይሆኑ ጥሩ ነው።

የሂሳብ መምህርት (ደሴ)፦
ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ እመጣለሁ። በሕይወቴ ጌም ነክቼ አላውቅም። ለሙከራው እሆናለሁ ካላችሁ የመጀመሪያዋ ተጫዋች ብላችሁ መዝግቡኝ።