የ10 ጊጋ የኔትወርክ ካርድ ግዢ፦ ረቂቅ 3 (የነዋሪዎች ውይይት፤ ተናጋሪዎቹ በብሎክ ቁጥራቸው ተጠርተዋል)

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። ለሰርቨሩና ለሦስቱ ኤዲቲንግ ማሽኖች ያገለገሉ ኢንቴል ኤክስ 520 ካርዶች ይገዙ። 500 ጊጋባይት የሠርግ ቀረጻ አሁን ባለን በሰከንድ 1 ጊጋቢት መስመር ከ1 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጥር ሳይገባ እንጨርስ።

ብሎክ 31፦ የአምናው ገንዘብስ? የገዛነው ሞጁል (ካርዱ ላይ ተሰክቶ ኬብሉን የሚያገናኘው) አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ጸሐፊ፦ ጥፋቱ የኛ ነው። የዚህ ካርድ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) የማያውቀውን ሞጁል አይቀበልም፤ ሳናጣራ ገዛን። ሊኑክስ ላይ በአንዲት የትዕዛዝ መስመር ማስፈቀድ ይቻላል።

ብሎክ 8፦ ኤዲተሮቹ ዊንዶውስ 11 ላይ ናቸው እኮ። ኢንቴል ይህን ካርድ ለዊንዶውስ 11 አይደግፍም።

ብሎክ 17፦ ቆይ። ፎቶው ላይ ያለችው ካርድ የኋላ ብረቷ አጭር ናት። የኛ ኬዝ ላይ አትገጥምም።

ጸሐፊ፦ ረጅሟንም አብረው ይሰጣሉ ተብሏል።

ብሎክ 17፦ «ተብሏል» ብለን ነው አምና የተበላነው። ካልገጠመች ማን ነው ከኮዬ ፈጬ መርካቶ የሚመላለሰው?

ብሎክ 8፦ ብረቷን ፈትቶ እንዲሁ መሰካት ነው።

ብሎክ 17፦ ኬብሉ በተነካ ቁጥር ትነቀላለች። ያንተ ማሽን አይደለማ!

ብሎክ 22፦ ታች ያለው በያጅ ከላሜራ ቆርጦ ያወጣታል።

ብሎክ 17፦ የበር መቀርቀሪያ መሰለህ እንዴ?

ብሎክ 22፦ አፍህን ሰብስብ። በረንዳህን ያጠረልህ እሱ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ኧረ በናታችሁ፣ ለአንዲት ብረት! ይልቅ ዲስኩ ይችለዋል ወይ? የኛ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚጽፈው። በሰከንድ 10 ጊጋቢት መስመር እኮ እስከ 1,250 ሜጋባይት ነው።

ብሎክ 31፦ ቅዳሜ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ሞክሬ አሳያለሁ ያለው ልጅስ? ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ጸሐፊ፦ ስልክ አያነሳም።

ብሎክ 17፦ ብሎክ 22፣ ትናንት አበዛሁት። በያጁን አናገርኩት። ብረቷን አልነካም አለ። ግን ለሰርቨሩ የሚቆለፍ ሳጥን ልሥራላችሁ ይላል።

ብሎክ 22፦ እሱስ ያስፈልጋል። ጥበቃው ጀበናውን ሰርቨሩ ላይ አስቀምጦ በዓይኔ አይቻለሁ።

ብሎክ 8፦ መተንፈሻ ይኑረው ታዲያ። ካርዶቹ ይግላሉ።

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 4፦ የሰርቨር ሳጥን ከነመተንፈሻው። የካርዱ ነገር በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።

ገንዘብ ያዥ፦ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?