አቮካዶ ጤፍ ውስጥ ሲቀበር ለምን ቶሎ ይበስላል?

ጠያቂዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ? እናቴ ጥሬ አቮካዶ ከገዛች ጤፍ ማዳበሪያ ውስጥ ነው የምትቀብረው። እጇን እስከ ክርኗ ትሰድና አንድ በአንድ ትደብቃለች፤ በአራተኛው ቀን ስታወጣው በአውራ ጣት ሲጫኑት እሺ ይላል። «ሙቀቱ ነው» ትለኛለች። አላመንኳትም። ባለፈው ሁለቱን ምድጃው አጠገብ አስቀመጥኩ፣ የቀሩትን እሷ ቀበረች። የሷ ሲበላ የኔዎቹ ገና ድንጋይ ነበሩ።

በዚያው ሰሞን ጎመንና የበሰለ ሙዝ አንድ ፌስታል ውስጥ ረስቼ ሁለት ቀን ቢያድር ጎመኑ ቢጫ ሆነ። እናቴ አይታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች!» ሁለቱ ነገር ይገናኛል ወይስ እኔ ነኝ ያገናኘሁት?

መልስ 1፦
እህቴ፣ እኔ ሙዝ ማብሰያ መጋዘን ሠርቻለሁ። ከአርባ ምንጭ አረንጓዴውን ይመጣል፤ ክፍሉን ጥርቅም አድርገን ዘግተን ላምባ እናጨስበት ነበር። ሽታው ከልብሴ አይለቅም። እኔም እንደ እናትሽ ሙቀቱ ይመስለኝ ነበር።

መልስ 2፦
ይገናኛል። እናትሽ የተረቱት ልክ ነው፤ ነገሩ በእርግጥም ጋዝ ነው! ኢትሊን ይባላል፤ የተክል ሆርሞን ሆኖ አየር ላይ ወጥቶ ጎረቤት ይነካል። የላምባው ጭስ ውስጥም አለ። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ አይለሰልስም፤ ከተቀጠፈ በኋላ ነው ኢትሊኑን በብዛት የሚያመነጨው። የወጣው ጋዝ ፍሬውን ሌላ እንዲያመነጭ ይገፋዋል፤ ለዚህ ነው አንዴ ከጀመረ የማይመለሰው። ጤፉ ጋዙን ያፍነዋል (ሙቀቱም ትንሽ ያግዛል፣ እናትሽን አታስቀይሚያቸው)። ምድጃው ዳር ግን ነፋስ ወሰደው። ለጎመን ቅጠል ደግሞ ይኸው ጋዝ «አርጅ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ ይፈርሳል።

ጉዱን ያወጣው አተር ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ኔልዩቦቭ የሚባል ተማሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ያበቀለው አተር ወደ ላይ መውጣት ትቶ ወደ ጎን ይተኛበታል። ንጹሕ አየር ሲያገኝ ቀና ይላል። በ1901 እ.ኤ.አ. ጥፋተኛው ያኔ ለመብራት ይነድ በነበረው ጋዝ ውስጥ ያለው ኢትሊን መሆኑን አሳወቀ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አቮካዶውን ከበሰለ ሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ፣ ጎመኑን አርቄ። ግን እናቴ ሎሚም ቀብራለች፤ እሱስ?

መልስ 2፦
ሎሚ ከዛፍ ከወረደ በኋላ አይበስልም። ልጣጩ ቢጫ ይል ይሆናል እንጂ ውስጡ ያው ነው። አውጡት፣ ጤፉ ሎሚ ሎሚ እንዳይሸት።