የዳሰስኩት ጣፊያ ነው ወይስ ኩላሊት?

ጠያቂ (ጠቅላላ ሐኪም)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ወባ ባለበት ወረዳ ነው። ዛሬ አንድ የ34 ዓመት ሰው ግራ ጎኔን ያመኛል ብሎ መጣ። ግፊቱ 160/100 ነው። አባቱ "በኩላሊት" እንደሞቱ ነገረኝ፤ ከዚያ በላይ አያውቅም። በግራ በኩል ጠጠር ያለ እብጠት ዳሰስኩ። እዚህ በወባ ያበጠ ጣፊያ በየቀኑ ስለምመለከት መለየት አቃተኝ። አልትራሳውንድ እስከ ሰኞ የለንም። በዘር የሚወረሰውን ፖሊሲስቲክ ኩላሊት (ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ ብዙ ከረጢቶች የሚፈጠሩበትን በሽታ) ጠርጥሬያለሁ። ምን ምን ልፈትሽ?

መልስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)፦
ጥሩ ጠርጥረሃል ዶክተር። በጀርባው አስተኛውና ጉልበቱን አጠፍ ያድርግ። አንዱን እጅህን ከኋላ፣ ከመጨረሻው ጎድን ሥር አስገባ። ሌላውን ሆዱ ላይ አሳርፍ። የኋላው እጅ ወደ ላይ ገፋ ሲያደርግ የፊተኛው መዳፍህን መታ የሚያደርግህ ኩላሊት ነው። በረጅሙ ሲተነፍስ ጣፊያ ወደ እትብቱ አቅጣጫ በሰያፍ ይወርዳል፤ ኩላሊት ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው። በጣፊያና በጎድን መካከል ጣት አይገባም። በጣት ማንኳኳቱ ላይ ብዙ አትመካ። ኩላሊቱ በጣም ከገዘፈ አንጀቱን ስለሚገፋው ድምፁ ያሳስታል።
ከሁሉም በላይ ቀኙን ዳስስ! ይህ በሽታ የሚይዘው ሁለቱንም ነው።

መልስ (የኩላሊት ክፍል ነርስ)፦
ዶክተር፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ። ውሃ የቋጠሩት ከረጢቶች ሊደሙ ይችላሉ። ግፊቱንም 5 ደቂቃ አረፍ ካለ በኋላ በሁለቱም ክንድ ይለኩት። ኩላሊቱ ገና በደንብ እየሠራ እያለ ግፊት ቀድሞ ይጀምራል፤ ብዙ ወጣት "ጭንቀት ነው" ተብሎ ተሸኝቶ አይቻለሁ። ሽንቱ ውስጥ ደም መኖሩንም ይዩ።

መልስ (ሬዚደንት)፦
ኩላሊቱ ላይ ብቻ አትቁም። ጉበቱን ዳስስ፤ ከረጢት ካለበት ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል፣ በሴቶች ላይ ይብሳል። ልብ ስታዳምጥ ከቫልቭ የሚመጣ ቀጭን ቀጭታ ፈልግ። አቁመህ አስለውና እትብቱንና ብሽሽቱን እይ፤ ቡአ ይበዛባቸዋል። ከቤተሰቡ ድንገት ራሱን አሞት የወደቀ ሰው እንዳለም ጠይቅ። የጭንቅላት ደም ሥር መነፋት ከዚህ በሽታ ጋር አብሮ ሊመጣ ይችላል።
ዳስሰህ ምንም ባታገኝ እንኳ ነፃ ነው አትበል። አባቱ በእርግጥ ይህ በሽታ ከነበረባቸው፣ በእሱ ዕድሜ በአልትራሳውንድ በሁለቱ ኩላሊቶች በድምሩ 3 ከረጢት ከታየ ይበቃል።

መልስ (ታካሚ)፦
ሐኪም አይደለሁም። ከእናቴ ወርሼው እኔም ታማሚ ነኝ። ዶክተር፣ ምን ማስታገሻ እንደሚውጥ ይጠይቁልኝ። እኔ ለጎኔ ሕመም ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛሁ ወራት ውጫለሁ። ኩላሊት እንደሚጎዳ የነገረኝ አልነበረም። ወንድምና እህቶቹንም ያስጠሯቸው። እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ማታ ዋርድ ውስጥ ደግሜ መረመርኩት። ግራው መዳፌን መታ አደረገኝ። ቀኙም አለ፤ አነስ ያለ፣ ጎርበጥ ያለ። ዲክሎፌናክ ይዞ ነበር፤ አስቁሜዋለሁ። አስታማሚው ታናሽ ወንድሙ ስለሆነ የእሱንም ለካሁት፤ 150/95። ሰኞ ሁለቱም አልትራሳውንድ ይነሳሉ።